ፓተንት ከደወሌ አያልፍም

በጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ወሬው ሁሉ ሙቀቱና የመብራት ሂሳቡ ነው። ቴርሞሜትሩ 40ን ሲያልፍ ጅቡቲዎች «ክሊም» የሚሉት ኤር ኮንዲሽነር ቀንም ሌትም አይጠፋም። ከማሽኑ በቀጭን ቱቦ የሚወርደውን ውሃ አንዳንዱ ቤት በጀሪካን ያጠራቅመዋል፤ አብዛኛው ግን መሬት ላይ ፈስሶ ይደርቃል። አንድ ኢትዮጵያዊ የኤሲ መካኒክ ይህን ውሃ ሲያይ ውሎ ሐሳብ መጣለት እንበል። ውሃው ከአየር የተጨመቀ ስለሆነ ጨው የለበትም፤ የከተማዋ የጉድጓድ ውሃ ግን ጨዋማ ነው፣ ብረት ላይ ቢረጭ ነጭ ቅርፊት ጥሎ ይቀራል። ታዲያ ይህ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ውጭ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ኮንደንሰር ላይ ቢረጭ ማሽኑ የሚስበው ኤሌክትሪክ አይቀንስም ወይ?

መካኒኩ ምሳሌ ነው፤ ችግሩ ግን የብዙ ሰው ነው። ሐሳብ ኖሮት ገንዘብ ለሌለው ሰው ወዳጅ ዘመድ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ቶሎ ፓተንት አውጣ፣ ይሰርቁሃል።» ምክሩ ከቅን ልብ ይመጣል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ኪሱ ባዶ የሆነ ፈጣሪ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ሐሳቡ በእርግጥ አዲስ መሆኑን ነው። እስኪያውቅ ድረስ ደግሞ አፉን ይዝጋ።

ማወቁ ዛሬ ገንዘብ አይጠይቅም። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት ኤስፓስኔት፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ማለትም የዋይፖ ፓተንትስኮፕ፣ እንዲሁም ጎግል ፓተንትስ እያንዳንዳቸው ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰነድ ይዘው ለማንም በነጻ ክፍት ናቸው፤ ከስልክም ይሠራሉ። መካኒካችን በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ ትክክለኛዎቹን ቃላት አቀናጅቶ ቢፈልግ አንድ ምሽት ሳይሞላ ቅስሙ ይሰበራል። ሐሳቡን ሌሎች ቀድመውታል፤ በአሜሪካም በሌላም አገር በተለያየ መልክ ተመዝግቧል። እንዲያውም አሮጌ የመስኮት ኤሲ ፈትቶ ከሆነ መልሱን በእጁ ይዞት ነበር። በብዙዎቹ ላይ የውጭው ማራገቢያ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀለበት አለች፤ ስትሽከረከር ታች የተጠራቀመውን ውሃ እያነሳች ኮንደንሰሩ ላይ ትረጨዋለች።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ደብተሩን ይዘጋል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ፍለጋው የሰጠው መርዶ ብቻ አይደለም። ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው፤ ዕድሜውም በአብዛኛው ዓለም ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥ ተመዝግቦ ጊዜው ያለፈበት፣ ጅቡቲ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ ያልተመዘገበ ፈጠራ ለመካኒኩ የተከፈተ በር ነው፤ ሠርቶ ቢሸጠው ከልካይ የለውም። የፓተንት ሰነድ ደግሞ ሥዕሉን፣ ልኬቱንና አሠራሩን ዘርዝሮ የሚያሳይ የምህንድስና ጽሑፍ ነው። ፈጣሪው መብቱን ያገኘው ይህን ሁሉ ለሕዝብ ይፋ ለማድረግ ተስማምቶ ስለሆነ፣ ማንበቡ ስርቆት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ጠባብ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ምን ያልተፈታ ነገር አለ? ጅቡቲ ውስጥ መልሱ ብዙ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ስፕሊት ኤሲ የውስጡና የውጭው ክፍል ስለተለያየ ያቺ ቀለበት አትሠራለትም። በሙቀቱ ወራት ካምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ሲነሳ የአየሩ እርጥበት ይወርድና የሚንጠባጠበው ውሃ ያንሳል፤ በዚያው ሰዓት ግን የተረጨ ውሃ በደንብ ተንኖ በደንብ ያቀዘቅዛል። አየሩ ሲረጥብ ደግሞ ውሃው ይበዛል፣ ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ማጠራቀሚያና መቼ እንደሚረጭ የሚወስን አንድ ቀላል ነገር ያስፈልጋል። ማጠራቀሚያ ሲባል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በከተማ የውሃ ዕቃ ውስጥ የምትራባው የወባ ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው እዚሁ ጅቡቲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ክዳኑ በወንፊት ያልተዘጋ ታንክ በየግድግዳው የሚሰቅል ሰው ከመብራት ሂሳብ የባሰ ዕዳ ነው የሚሸጠው። የባሕሩ ጨው በኮንደንሰሩ ክንፎች ላይ የሚጋገረውም አለ። የመካኒኩ እውነተኛ ፈጠራ የሚገኘው በእነዚህ ትናንሽ ነገሮች ውስጥ ነው፤ ቶኪዮ ቁጭ ብሎ የሚያስብ መሐንዲስ አይደርስባቸውም።

ለዚህ ዓይነቱ ትንሽ ግን ጠቃሚ ማሻሻያ የኢትዮጵያ ሕግ ቦታ አዘጋጅቷል። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ቢሞላም ለድሃ ፈጣሪ ከብዙ አዳዲስ ሕጎች የተሻለ ያስባል። ዋናው ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጥና ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ እየዋለ ከሆነ 5 ዓመት ይጨመርለታል። የግልጋሎት ሞዴል የሚባለው የምስክር ወረቀት ግን እንደ ፓተንቱ ከፍ ያለ የፈጠራ እርምጃ አይጠይቅም፤ 5 ዓመት ይቆያል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የአስገቢ ፓተንት የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ውጭ አገር ፓተንት የተሰጠውንና ጊዜው ገና ያላለፈበትን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ያልተመዘገበውን ፈጠራ አምጥቶ ሥራ ላይ ለሚያውል ሰው እስከ 10 ዓመት ይሰጣል። አንዳንድ የሕግ ሰዎች ይህን የመጨረሻውን እንደ ነውር ያዩታል። እኔ አላየውም፤ አሜሪካም ጃፓንም ኢንዱስትሪያቸውን የጀመሩት ከሌላው እየተማሩ ነው።

ችግሩ መካኒኩ ያለው አዲስ አበባ ሳይሆን ፕላቶ ዱ ሰርፓን መሆኑ ነው። የአዲስ አበባው የምስክር ወረቀት ባቡሩ ከድንበር ከተማዋ ከደወሌ አልፎ ጅቡቲ ሲገባ ወረቀት ብቻ ይሆናል። ጅቡቲ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው የኢንዱስትሪ ንብረት ሕግ መሠረት የራሷን ጽሕፈት ቤት፣ ኦዲፒክን፣ አቋቁማለች፤ እሱ የሚሰጠው መብትም ወደ ኢትዮጵያ አይሻገርም። ሐራሬ ያለው አሪፖና ያውንዴ ያለው ኦአፒ በአንድ ማመልከቻ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን ያዳርሳሉ፤ ኢትዮጵያም ጅቡቲም ግን የሁለቱም አባል አይደሉም። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 የአህጉራዊውን ነጻ የንግድ ቀጣና የአእምሯዊ ንብረት ፕሮቶኮል ተቀብለዋል። ለአንድ መካኒክ የሚጠቅም ነገር እስኪሆን ግን ገና ብዙ መንገድ አለው። ኤሌክትሪኩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ድንበር ተሻግሮ የጅቡቲን አምፖል ያበራል፤ ውሃውም ከሶማሌ ክልል በቧንቧ ይሻገራል። ሐሳብ ግን ኬላው ላይ ይቆማል።

አንድ ያልተዘመረለት መውጫ አለ። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2016 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የፓተንት ትብብር ስምምነት አባል ናት። በዚህ ስምምነት ማመልከት የሚችለው የአባል አገር ዜጋ ብቻ ሳይሆን ነዋሪም ነው፤ ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ ጅቡቲ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በሩ አልተዘጋበትም። ማመልከቻው ጄኔቭ ላለው የዋይፖ ዓለም አቀፍ ቢሮ በቀጥታ ሊቀርብ ይችላል፤ ቢሮው የፈጠራውን መግለጫ በማንኛውም ቋንቋ ይቀበላል፣ በአማርኛም ጭምር። ቅጹ ግን ከአሥሩ የኅትመት ቋንቋዎች በአንዱ መሞላት አለበት፤ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። መግለጫውም ለምርመራ ሲደርስ ይተረጎማል። የማመልከቻው ዋና ክፍያ 1,330 የስዊስ ፍራንክ ሲሆን፣ በማደግ ላይ ካሉት እጅግ ኋላ ቀር ተብለው ከተመደቡ አገሮች ለሚመጡ አመልካቾች 90 በመቶ ይቀነሳል፤ 133 ፍራንክ ይሆናል ማለት ነው። ኢትዮጵያም ጅቡቲም በዚህ ምድብ ውስጥ ናቸው። ቅናሹ ግን ዜግነትንና መኖሪያን አያይዞ ስለሚያይ፣ የአንዱ አገር ዜጋ ሆኖ በሌላው የሚኖር ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ለቢሮው ጽፎ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። 133 ፍራንክ መግቢያ ብቻ ነው። የምርመራው ክፍያ ለብቻው ነው። ከዚያም 30 ወር ሲሞላ ፈጣሪው መብት የሚፈልግበትን እያንዳንዱን አገር መርጦ በየቋንቋው ማስተርጎም፣ ጠበቃ መያዝና በየዓመቱ ማሳደሻ መክፈል አለበት። ሠላሳ ወሩ ውስጥ ደንበኛ ወይም ሸሪክ ያላገኘ ሰው ለዓለም በሙሉ አሠራሩን አስነብቦ እጁን አጨብጭቦ ይቀራል፤ ማመልከቻው በ18ኛው ወር ገደማ ለሕዝብ ይታተማልና። ስለዚህ ይህ መንገድ ጊዜ ለመግዛት ጥሩ ነው፤ ጊዜውን ለሚሠራበት ሰው ብቻ።

ዝምታ ላይ ልመለስ። የኢትዮጵያ አዋጅ ፈጣሪው ራሱ ሐሳቡን ይፋ ካደረገ በኋላ 12 ወር ሳይሞላ ካመለከተ አዲስነቱን አይነሳውም። ደግ ድንጋጌ ነው፣ ግን ያዘናጋል። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ምሕረት የለም ማለት ይቻላል፤ በቲክቶክ የተለቀቀች አንዲት ቪዲዮ በር ትዘጋለች። የሥራ ፈጠራ ውድድሮችም እንዲሁ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ «ብሩህ» የሚባለው ውድድር፣ ጅቡቲ ላይ የአመራርና የሥራ ፈጠራ ማዕከሉ የሚያዘጋጃቸው መድረኮች ለገንዘብም ለትውውቅም ይረዳሉ። መድረክ ላይ ግን መነገር ያለበት መሣሪያው ምን እንደሚያደርግና ምን ያህል እንደሚያተርፍ ነው፤ እንዴት እንደሚሠራ መዘርዘር አያስፈልግም። ዳኞች ቢጠይቁ «ማመልከቻው በሂደት ላይ ነው» ብሎ ማለፍ ነውር አይደለም፤ እውነት ከሆነ።

በመንደር የሚነገረው ሌላው መላ ሥዕሉን ፖስታ ውስጥ አሽጎ ለራስ በሪኮማንዴ መላክ ነው። ፓተንት አይተካም። ፈረንሳይ ውስጥ ሶሎ የሚባለው ኤንቨሎፕ በ15 ዩሮ የሐሳቡን ቀን በመንግሥት እጅ ያስመዘግባል። እሱም ቢሆን ቀን ያረጋግጣል እንጂ ሌላውን አይከለክልም፤ የሚያገለግለውም ፈረንሳይ ውስጥ ነው። አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2013 ወዲህ መጀመሪያ ያሰበውን ትታ መጀመሪያ ያመለከተውን ነው የምታየው። ይህን ስል ደብተር አይረባም ማለቴ አይደለም። ገጹ ተራ ቁጥር ያለው፣ በየቀኑ የተጻፈ፣ ጉዳዩን የሚረዳ ታማኝ ሰው የፈረመበት ደብተር አንድ ቀን ፍርድ ቤት ወይም ሽምግልና ፊት ሲቀርብ ይናገራል።

ከደብተር የበለጠ የሚናገረው ውል ነው። ንኮሳና ማካቴ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 በቮዳኮም ኩባንያ የሒሳብ ሠልጣኝ ነበር። ተማሪ የነበረችው ፍቅረኛው የሞባይል ሒሳብ እያለቀባት ስትቸገር ቢያይ፣ ሒሳብ የሌለው ሰው «ደውልልኝ» የሚል ነጻ መልእክት እንዲልክ ሐሳብ አቀረበ። ኩባንያው ተቀበለው፤ የምርት ልማት ኃላፊውም ገንዘብ ካስገኘ ድርሻ ይኖርሃል ብሎ በቃል ቃል ገባለት። አገልግሎቱ ሲሳካ ቃሉ ተረሳ። ማካቴ የፓተንት ሰርተፊኬት ይዞ አልተከራከረም፤ የተከራከረው በዚያ ቃል ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ቃሉ ኩባንያውን ያስገድዳል ሲል ፈረደለት፤ ስለ ድርሻው መጠን የተነሳው ክርክር ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። ያ ቃል በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ተፈርሞበት ቢሆን ኖሮ ማካቴ ጎልማሳነቱን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ባልጨረሰው ነበር።

የእኛ መካኒክም ከበያጁ፣ ከሸሪኩና ከሚያበድረው ዘመዱ ጋር ይህን አንድ ገጽ ይፈራረም፤ ምን እንዳዩ፣ ለማን እንደማይናገሩ፣ ቢሸጥ ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው። «ዘመድ ነን፣ ምን ወረቀት ያስፈልገናል?» የሚለው ጨዋነት ብዙ ቤት አፍርሷል። መፈራረም የማይመቸው ከሆነ ደግሞ ሥራውን ይከፋፍል፤ መደገፊያውን አንዱ በያጅ፣ የመርጫውን ቱቦ ሌላው ይሥራ፣ መግጠሙን ለራሱ ያስቀር።

ናሙናውን መሥራት ከሚታሰበው በላይ ርካሽ ነው። ከተበላሸ መኪና የወጣ የመስታወት ውሃ መርጫ ፓምፕ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል። ዋናው መለካቱ ነው። በአምፔር መቆንጠጫ ማሽኑ ሳይረጭና ሲረጭ የሚስበውን፣ ከውጭው ሙቀትና እርጥበት ጋር፣ በካምሲን ቀንም በረጠበው ቀንም መመዝገብ። ሸሪክም ባንክም የሚያሳምነው ይህ ሠንጠረዥ ነው። መጀመሪያ ገንዘቡ ከዕቁብ ይምጣ፤ በአራጣ አይሁን። ፈጠራዎን ለዓለም ገበያ እናስተዋውቃለን እያሉ ቅድሚያ ክፍያ ከሚጠይቁ ድርጅቶችም ይጠንቀቅ። አሜሪካ ውስጥ ወርልድ ፓተንት ማርኬቲንግ የተባለውን እንዲህ ያለ ኩባንያ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ከስሶ አስዘግቶታል፤ እስከዚያው ግን ብዙ ድሃ ፈጣሪ ጥሪቱን አፍስሶበታል።

ገንዘብ በግኝትና በምርት መካከል ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ከፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በላይ ያየ ኢትዮጵያዊ የለም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። ግኝቱን አላሸገም፣ ለዓለም አበረከተው። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲያገኝ 25 ዓመት አልፎ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ገና በየቀበሌው አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ተክሉ የአሜሪካ ሐይቆችን ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ እንደሚገድል ሲታወቅ ፓተንቱ በኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ወጣ። የጤፉ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የተሰጠውን የኔዘርላንድስ ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ሻረው፤ ጉዳዩ ወደ ፍርድ የሄደው ግን የዚያው አገር ተፎካካሪ ኩባንያ አልከፍልም ስላለ ነው። እኛ ተመልካች ነበርን።

በፕላቶ ጎን የድሮው የምድር ባቡር ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ያ ሐዲድ ለአሥርት ዓመታት የኖረው ከፈረንሳይ መለዋወጫ ሲቋረጥ በድሬዳዋ ወርክሾፕ ብረት ቀጥቅጠው፣ ቅርጽ አውጥተው በሚተኩ ሠራተኞች እጅ ነው። ከእነዚያ ብልሃቶች ስንቱ ተመዘገበ? ማን ፈጠረው ብሎ የጠየቀ ቢሮ አልነበረም።

ዛሬ በሁለቱም በኩል ቢሮ አለ። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና ኦዲፒክ ውል ሳይጠብቁ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ፦ ማመልከቻ ቅጾቻቸውን በአማርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ ጎን ለጎን ያትሙ፤ የግልጋሎት ሞዴልን የመጀመሪያ ክፍያ ፈጣሪው ሽያጭ እስኪጀምር ያዘግዩ፤ በጅቡቲ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲም ከእነሱ ጋር ሆኖ በወር አንድ ቀን ለፈጣሪዎች ምክር የሚሰጥ ሰው ያስቀምጥ። ዋይፖ በኮሎምቢያ፣ በሞሮኮና በፊሊፒንስ ያስጀመረው የፈጣሪዎች ድጋፍ ፕሮግራም ገንዘብ ለሌላቸው ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሠሩ የፓተንት ጠበቆችን ያገናኛል። ሁለቱ መንግሥታት ይህን ፕሮግራም አጥብቀው ይጠይቁ። ወጪው የአንድ ስብሰባ ውሎ አበል አይሞላም።